የቀበሮ ምራቂ በላሚት ጉሮሮ

አንድ ጊዜ፣ እምላለሁ፣ ይህን አታምኑኝም! ያልሆነውን ሆነ ብዬ ከነገርኳችሁ ምላሴ እንደ ደረቀ ጠፍር ትኮማተር። አንድ ጊዜ አውሬውም ከብቱም ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ገበያ ይወርድ ነበር። ገበያው የሚቆመው አንድ ትልቅ ብሳና ሥር ነው። ብሳናው እንዴት ያለ ትልቅ መሰላችሁ! ጠዋት በአንደኛው በኩል ከጥላው የገባ በሌላው በኩል የሚወጣው ለምሳ ነው።

የገበያውን ሕግ ያወጣው አያ አንበሶ ነበር። «ቅዳሜ ጥርስ ለፈገግታ ብቻ ነው!» ብሎ አወጀ፤ አለቀ። በዚያን ቀን ጅብ ከአህያ ጎን ተሰልፎ አጥንት ይገዛል፣ ነብር ፍየሏን «ደህና ዋልሽ እቴ» ብሏት ያልፋል። እርግጥ ጅብ አህዪትን ባየ ቁጥር ለሐጩ ይዝረበረባል፤ ግን ለሐጭን የሚከለክል ሕግ የለም። ከዚህ ሌላ አንድ ጥንታዊ ደንብ ነበር፦ ታሞ የሞተ በክት፣ ቅዳሜም ይሁን ሰኞ፣ የጅብ ነው።

ያኔ ሁሉም የየራሱን ዕቃ ይዞ ነበር የሚመጣው። እመት ጦጢት ዘንቢሏን፣ እቴ ፍየል ቅርጫቷን፣ እትዬ ላሚት ቀንዷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቅል። አህዪት ከእናቷ የወረሰችውን ስልቻ ትይዛለች። ስልቻው የፍየል ቆዳ ስለሆነ ፍየል ባጠገቧ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ አህዪትም «ዘመድሽ አይደለችም፣ የሩቅ አገር ፍየል ናት» እያለች ታጽናናታለች። ዕቃ የሌለው አያ ጅቦ ብቻ ነበር። የገዛውን እዚያው ስለሚውጠው ዕቃ ምን ያደርግለታል?

የገበያተኛው ደስታ ምራቂ ነበረች። ሻጭ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በላዩ ላይ የምትጨምራት አንዲት ጭብጥ፣ እሷ ምራቂ ትባላለች። ታዲያ ምራቂን እምቢ ማለት በዚያ አገር ትልቅ ነውር ነው። ሻጯን «እጅሽ ይሸታል» ብሎ በአደባባይ እንደ መስደብ ይቆጠራል። አንዲት ጥንቸል ጠግባ ነውና ምራቂ አልፈልግም ብትል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም የሚላት ጠፍቶ ከራሷ ጥላ ጋር እየተሳሳመች ኖረች ይባላል።

ጨውና አጥንት የምትሸጠው እሜቴ ቀበሮ ነበረች። እሜቴ ቀበሮን እንቅልፍ የሚነሳት ያ የአህዪት ስልቻ ነበር። ስልቻው ከወገቡ ላይ አንድ ስፌት አለው፤ ጨው ስፌቱ ጋ ካልደረሰ አህዪት ንቅንቅ አትልም። የጦጢት ዘንቢልም እንዲሁ፣ የላሚት ቅልም እንዲሁ። ሁሉም የዕቃውን ልክ ያውቃል፣ ማጭበርበሪያ ቀዳዳ የለም። «ዕቃ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ከሚሰጠኝ፣ ነብር ቢያሳድደኝ በተሻለኝ!» እያለች ታለቅስ ነበር።

አንድ ሐሙስ ታዲያ በአስፋልቱ ዳር ስታሽከለክል፣ ከጭነት መኪና ላይ የወደቀ እሽግ አገኘች። ብትፈታው ፌስታል! ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ ነጩ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። አንዱን አፉን ገልጣ እፍ ብትልበት ተነፋ። እንደገና እፍ አለችበት። ከዚያ በጀርባዋ ወድቃ እስኪያማት ሳቀች።

ቅዳሜ ደረሰ።

«እህቴ አህዪት!» አለች ቀበሮ። «ዛሬም ይህን አሮጌ ስልቻ ተሸክመሽ መጣሽ? ለጀርባሽ አታዝኚም?»

«ምን ላድርግ እሜቴ፣ በጆሮዬ አልሸከመው።»

«በይ እዪማ!» ብላ አንዱን ፌስታል እፍ አለችበትና፣ ከሥሩ ሁለት ጭብጥ ጨው ጣል አድርጋ አፉን ቋጠረችው። ፌስታሉ እንደ ጠገበ ሕፃን ሆድ ተነፋ። «ሙሉ ነው! ፌስታሉ ደግሞ ምራቂሽ ነው።»

«ምራቂ ጨው አልነበረም እንዴ?»

«ጨውማ ያልቃል የኔ እመቤት። ይሄ ግን መቼም አያልቅም!»

ቀበሮ በዕድሜዋ አንድ እውነት ብትናገር ይህችን ነው፤ እሷንም ማንም ልብ አላላትም። አህዪት ፌስታሉን አሸተት አደረገችው። ምንም አልሸተታትም። የማይሸት ነገር ደግሞ ደስ አይላትም። እምቢ ልበል ወይስ ልቀበል እያለች ጆሮዋን ስትሰቅልና ስትጥል፣ ከኋላዋ የተሰለፈው አያ ጅቦ ገፋ አደረጋት።

«አህዪት አሳልፊን እንጂ! ምራቂ እምቢ ይባላል? ለኔ ሁለት!»

«ለአንድ አጥንት ሁለት?» አለች ቀበሮ።

«አንዱ ለአጥንቱ፣ አንዱ ለፌስታሉ!»

አህዪት አፈረችና ተቀበለች።

ከዚያ ወዲያ ምኑ ይወራል! በሁለት ቅዳሜ ውስጥ ስልቻው ማገር ላይ ተሰቅሎ አይጥ ወለደበት፣ በጦጢት ዘንቢል ዶሮ ታቀፈችበት። ሻጩ ሁሉ ከቀበሮ ተማረ። ለሽንኩርት ፌስታል፣ ለቲማቲም ፌስታል፣ ለአንዲት ቃሪያ ፌስታል፣ ሁሉንም ለመያዝ ደግሞ ሌላ ፌስታል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ግራሩ ላይ ተሰቅሎ ይርገበገባል፤ አበባ መስሏቸው ሦስት መንደር ንብ መጥቶ አፍሮ ተመለሰ። የምንጩ አፍ ተወትፎ እንቁራሪቶች ወጥተው ውሃ ለመኑ። የሚገርመው ግን ማንም አልተጨነቀም። «የኔኮ አንዲት ናት» ይላል ሁሉም። የአገሩ ሁሉ ሥቃይ ከአንዲት አንዲት ነው የሚመጣው።

አህዪትም አንድ ቀን ጨውዋን ጨርሳ ባዶውን ፌስታል ይዛ ስትመለስ ላሚትን በመንገድ አገኘቻት። ላሚት ባልንጀራዋ ናት። አብረው ይግጣሉ፣ ዝናብ ሲመጣ አንዷ ሌላዋን ታስጠልላለች።

«እትዬ ላሚት፣ ከጥጉ ጨው ቀርቶበታል። ይባክናል፣ ላሺው።»

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ አንቺ መቼም ሳታስቢኝ አትውይም።»

ላሚት ላሰች። ጨው መሆኑ ነው፣ ጣፈጣት። ደግማ ላሰች። ሦስተኛውን ስትልስ ፌስታሉ ከምላሷ ጋር ገባ፤ ዋጥ! አህዪት አየች። ልቧ አንዴ ደንገጥ አለና «ሳር ይዋጣል፣ ገለባ ይዋጣል፣ ይሄ ምን ይሆናል» ብላ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ላሚት ማመስኳት አቆመች።

ላም ማመስኳት ካቆመች ወፍጮ ቆመ ማለት ነው። አፏ ዝም አለ። ዓይኗ ፈዘዘ። የግራ ጎኗ ተነፍቶ ተነፍቶ ዝንብ ስታርፍበት እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። ሐሙስ ሳር ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ዓርብ መቆም አቃታትና ብሳናው ሥር ተኛች። አህዪት ከአጠገቧ አልተነሳችም። ውሃ በአፏ እያመጣች ታጠጣታለች፤ ላሚት ትጎነጭና በአፏ ጥግ ይፈስባታል። አህዪት ያንን ፌስታል ነገር ለማንም አልተናገረችም። ልትናገር አፏን ትከፍትና «ውሃ ላምጣልሽ» ብላ ትነሳለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። አያ ጅቦ ነው። አንገቱን ሰብሮ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው በዝግታ መጣ።

«እትዬ ላሚት፣ እንደምን ዋልሽ?»

«ተመስገን» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አልተሻለሽም አይደል?»

«ትንሽ የተሻለኝ ይመስለኛል።»

«አይ!» አለ ጅብ ደንግጦ። «ማለቴ… አይ ጥሩ ነው! አትቸኩይ። ሕመም ጊዜውን ይፈልጋል።»

አህዪት በጎን አየችው። «በብብትህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የቱ? ይሄ? ፌስታል ነው።»

«ስንት ነው?»

«ሰባት። ለጥየቃ ነው። የታመመ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ነውር ነው።»

«ባዶ ፌስታል ይዞስ ይኬዳል?»

«ስመለስ መች ባዶ ይሆናል!» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

አህዪት በእግሯ ምድርን ደቃች። ጅብ ሄደ፤ ግን በየሰዓቱ ይመለሳል። አንዴ ከቀንዷ እስከ ጅራቷ በእርምጃ ለካት። አንዴ ደግሞ ከቁጥቋጦው ውስጥ ሲያጉረመርም ተሰማ፦ «ለጉበቱ አንድ… ለታፋው ሁለት… ምላሱን እዚሁ።» ላሚትም ሰማች። ዓይኗን ጨፍና፣ «እህቴ፣ ስሞት ከአጠገቤ ሁኚ፤ ብቻዬን አልሁን» አለቻት። አህዪት ይህን ስትሰማ ተነስታ ሮጠች። እንዲህ ያለ ሩጫ አልታየም፤ ጥላዋ ሊደርስባት አቅቶት መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

ጦጢት የአገሩ ወጌሻ ናት። ዛፏ ላይ ተኝታ አገኘቻት።

«እመት ጦጢት፣ ድረሽልኝ! ባልንጀራዬን ገደልኳት!»

«አንቺ? ሣር እንኳ ይቅርታ ጠይቀሽ ነው የምትግጪው!»

«ፌስታል አበላኋት።»

ጦጢት ከዛፉ ዱብ አለች። ከዚያ አህዪት ጀርባ ላይ ዘላ ወጣች። «ሩጪ!»

ሲደርሱ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነበር። ገበያተኛው በላሚት ዙሪያ ቆሟል፣ አያ አንበሶም መጥቷል። ጅብ ከፊት፣ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያፍታታ። ጦጢት የላሚትን ጎን መታ መታ አደረገች፤ ድም! ድም! አፏን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ላሚት ልታመሰኳ ስትል የዋጠችው ተመልሶ ጉሮሮዋ ላይ ተወትፏል። የጥቁር ፌስታል ጫፍ እንደ አይጥ ጅራት ብቅ ብሎ ይታያል።

«ልስበው ነው» አለች ጦጢት። «ሳስቷል። ከተበጠሰ የቀረው እዚያው ይቀራል። ያኔ…» አልጨረሰችውም። «ማንም እንዳይስል። ማንም እንዳያስነጥስ።»

ዝም ተባለ። ነብር ላይ ያለች ቁንጫ ጎኗን ስትቀይር ተሰማ። ጦጢት ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች፤ ጫፉን በሁለት ጣት ያዘች፤ ሳበች። ቆመች። ሳበች። ጥቁሩ ፌስታል ስንዝር በስንዝር ወጣ።

«የኔ ነው!» ብላ አህዪት አለቀሰች። «እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ስደቡኝ!»

ሊሰድቧት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከጥቁሩ ጫፍ ጋር ተጠምዝዞ ሰማያዊ ፌስታል ተከተለ። ፍየል ወዲያው ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረች።

«እቴ ፍየል?» አለ አያ አንበሶ።

«እ… ጨው ነበረበትና… ይባክናል ብዬ… አንዲት እኮ ናት ጌታዬ!»

ከሰማያዊው ጋር ቢጫ መጣ። በግ ሳትጠየቅ «እኔ ነኝ» አለች። ከቢጫው ጋር ሌላ ጥቁር፣ የሽንኩርት ልጣጭ የተጣበቀበት። ጦጢት አየችውና እጇ ቆመ። ቋጠሮው የራሷ ቋጠሮ ነበር። ጆሮዋ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቋጠሮውን በመዳፏ ሸፍና መሳቧን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ እምቢ አለ። አንድ ትልቅ ነገር ከውስጥ ይዞታል። ጦጢት ሳበች፤ የሳሳው ፌስታል እንደ ክር ቀጠነ። ላሚት ዓይኗ ነጭ ብቻ ሆነ፣ አራቱም እግሯ ተርገፈገፈ።

«ሊበጠስ ነው!» አለ ጅብ በተስፋ። «ኧረ ሊበጠስ ነው!»

«አህዪት!» ብላ ጦጢት ጮኸች። «ትንፋሽ ስታወጣ ጎኗን በግንባርሽ ግፊ! ስታስገባ ልቀቂ! ቀስ!»

አህዪት ግንባሯን ያን ከበሮ ጎን ላይ አሳረፈች። ገፋች። ለቀቀች። ገፋች። ከውስጥ የባልንጀራዋ ልብ ሲመታ ይሰማታል፤ እየራቀ የሚሄድ የእግር ኮቴ ይመስል ነበር። «አትሂጂ» ትላለች በሆዷ፣ «አትሂጂብኝ።» ገፋች። ለቀቀች። ጦጢት ሁለት እግሯን ላሚት መንጋጋ ላይ ተክላ ሳበች። ገፋች…

ፓ!

ወጣ። አንድ ትልቅ ነጭ ፌስታል ነው፤ ተከትሎት የመጣውን ግሣት ግን እንዴት ልንገራችሁ! የአራት ቀን ትንፋሽ በአንድ ጊዜ። ሳሩ ተኛ፣ የብሳናው ቅጠል ረገፈ፣ የቀበሮ ጨው መደብ ተበተነ፣ ጅብ ከሰባቱ ፌስታል ጋር ተነስቶ ሄዶ ምንጩ ውስጥ ወደቀ።

አቧራው ሲረግብ ላሚት ተዘርግታለች። አትንቀሳቀስም። አህዪት ጆሮዋን ላሚት አፍ ላይ ጣለች። ብዙ ቆዩ። ከዚያ የላሚት መንጋጋ አንዴ ወደ ግራ ሄደ። ቆመ። አንዴ ወደ ቀኝ መጣ። እንደገና ወደ ግራ።

አመሰኳች!

አህዪት እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ገበያው እልል ሊል ሲል አያ አንበሶ አገሳ፤ ድንጋጤውን በቁጣ ሊሸፍን ነው። «ቀበሮ! አንቺ ነሽ የዚህ ሁሉ ጣጣ!»

«እኔ ጌታዬ?» አለች ቀበሮ ከተበተነው ጨው መሐል እየተነሳች። «እኔ ምራቂ ሰጠሁ፤ ላም አፍ ውስጥ ሂዱና ክተቱት አላልኩም። እምቢ ያለኝ አለ? እስቲ ይህን ነጩን፣ ሊገድላት የነበረውን ትልቁን፣ የማን እንደሆነ ይጠየቅልኝ።»

«ይጠየቃል!» አለ አንበሳ ጥፍሩን አውጥቶ። «የማን ነው? ባለቤቱን አሁኑኑ እዚህ ፊቴ አቅርቡልኝ!»

ነጩ ፌስታል መሬት ላይ ተዘርግቷል። የሥጋ ሽታ አለው። ቋጠሮው ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ወርቅማ ጸጉር ተጣብቋል። ሁሉም አየ። አይቶም ነብር ጥፍሩን መቁጠር ጀመረ፣ በግ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል መሬቱን ፈለገች፣ ፍየል ወደ ሰማይዋ ተመለሰች። አህዪት ብቻ ለባልንጀራዋ ፈርታ ቀና አለች፤ አንበሳ የተቆጣ እንደሆነ የታመመ አይለይም።

በዚህ መሐል ጅብ ከምንጩ ወጣ። ውሃ ይንጠባጠብበታል፣ ድግሱ ጠፍቶበታል፣ የተባለውን ግን ሰምቷል። መጣና ፌስታሉን አሸተተ።

«ይሄማ የእርስዎ ነው ጌታዬ!» አለ ጮክ ብሎ። «ባለፈው ቅዳሜ ጎድን የወሰዱበት! ጸጉርዎም ይኸው!»

አቤት! ዝንቡ ሁሉ በረራውን አቆመ። አንበሳ ጸጉሩን አየ። ላሚትን አየ፤ ላሚትም እያመሰኳች አየችው። ሳል ሳል አለው። ጥፍሩን አንድ በአንድ መልሶ ከተተ።

«ከዋሻዬ ጀርባ ነበር የጣልኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነፋሱ ነው ያመጣው… ላሚት፣ ይቅር በይኝ።»

ንጉሥ ይቅርታ ሲጠይቅ ያዩት ያን ቀን ነው። ወዲያው ተቀምጦ ፈረደ። ከእንግዲህ ምራቂ ጨው እንጂ ፌስታል አይሆንም፤ ፌስታልን እምቢ ያለ ጨዋ ነው። ቀበሮ ግራሩ ላይ የተሰቀለውን እየወጣች ታወርዳለች፣ ማታ ማታ ዘንቢል ትሰፋለች፤ የመጀመሪያው ዘንቢል ለራሱ ለአያ አንበሶ ነው። ቀበሮ «ንጉሥ ዘንቢል ይዞ?» ልትል አሰበችና የአንበሳን ዓይን አይታ ዋጠችው።

አያ አንበሶ ክብሩን ለመመለስ ጎፈሩን አራገፈ፣ ደረቱን ነፋ፣ ለገበያው ሁሉ ትልቅ የምክር ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን አልመጣ አለው። ያ ነጭ ፌስታል ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ምን ይበል? ሁሉም አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ፣ እርጥቡ ጅብ መታገሥ አቃተውና ከኋላ ዘረገፈው፦

«ከዚህ የምንማረው፣ ጌታዬ፣ ገበያ ስንወርድ የየራሳችንን ስልቻ ካልያዝን፣ አንዲት ናት ብለን የተቀበልነው ፌስታል ሁሉ ከላም ጉሮሮ ተጎትቶ ወጥቶ እርስዎን በአደባባይ ሲያዋርድ፣ እኔንም እራቴን ሲያሳጣኝ ይኖራል ማለት ነው!»